የመንገድ ብስክሌት የፍሬም መጠን

የመንገድ ብስክሌት የፍሬም መጠን የብስክሌቱ ዋና አካል የሆነው ፍሬም ለየትኛው የሰውነት ቁመትና ቅርጽ እንደተሠራ የሚያመለክት መለኪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሴንቲሜትር (ለምሳሌ 52፣ 54፣ 56) ወይም ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ ተብሎ ይገለጻል። ኮርቻ፣ መሪ፣ ፔዳልና ጎማ ብስክሌቱ ከተገዛ በኋላም ሊቀየሩ ይችላሉ። ፍሬሙ ግን አንዴ ከተሠራ አይረዝምም፣ አያጥርምም። በዚህ ምክንያት የመንገድ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ከቀለሙ፣ ከክብደቱና ከማርሹ ብዛት አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው ነገር የፍሬሙ መጠን ነው።

በፍሬም ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁሉንም ፋብሪካዎች የሚያስገድድ አንድ ወጥ ደንብ የለውም። ሁለት ፋብሪካዎች «54» ብለው የጻፉባቸው ፍሬሞች በርዝመትም ሆነ በፊት ቁመታቸው በጥቂት ሴንቲሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር መነሻ ብቻ ሲሆን ትክክለኛው ንጽጽር የሚደረገው የነጂውን ሰውነትና የፍሬሙን ልኬቶች በመለካት ነው።

የፍሬሙ ክፍሎች

ስለ መጠን ለመረዳት የሚከተሉትን ክፍሎች ማወቅ ያስፈልጋል፦

• የፔዳል ማዕከል፦ የሁለቱ ፔዳሎች ክንዶች የሚታሰሩበት ዘንግ ከነኩሽኔታው የሚገኝበት የፍሬሙ ታችኛ ክፍል ነው። አብዛኞቹ የፍሬም ልኬቶች የሚጀምሩት ከዚህ ነጥብ ነው።
• የኮርቻ ቱቦ፦ ከፔዳል ማዕከል ተነሥቶ ወደ ኮርቻው የሚወጣው ቱቦ ነው። ኮርቻውን የሚሸከመው ምሰሶ በውስጡ ይገባል።
• የፊት ቱቦ፦ በፍሬሙ ፊት ያለው አጭር ቱቦ ነው። የፊት ሹካው አንገት በውስጡ አልፎ ከላይ ከመሪው ጋር ይገናኛል።
• የላይኛው ቱቦ፦ የኮርቻ ቱቦውንና የፊት ቱቦውን ከላይ የሚያገናኘው ነው።
• የታችኛው ቱቦ፦ የፊት ቱቦውን ከፔዳል ማዕከል ጋር የሚያገናኘው ነው።
• የመሪ አንገት፦ መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘው አጭር ክንድ ነው። የፍሬሙ አካል አይደለም፤ ቡሎኑን ፈትቶ በሌላ ርዝመት መተካት ይቻላል።

ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ተወዳጅ የነበረው ባለ ትልቅ የፊት ጎማ ብስክሌት ካቴና አልነበረውም። ፔዳሎቹ በቀጥታ ከፊት ጎማው መካከል ጋር የተያያዙ ነበሩ። ጎማው ትልቅ በሆነ ቁጥር በአንድ የፔዳል ዙር የሚጓዘው ርቀት ይጨምራል፤ ሆኖም የነጂው እግር ፔዳሉ ጋ መድረስ ነበረበት። በመሆኑም የብስክሌቱ መጠን የሚባለው የፊት ጎማው ስፋት ነበር፤ እርሱንም የሚወስነው የነጂው እግር ርዝመት ነበር። እግረ ረጅም ሰው ትልቅ ጎማ ያለው ፈጣን ብስክሌት መንዳት ሲችል እግረ አጭሩ በትንሽ ጎማ ይወሰን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሮቨር የተባለውን ብስክሌት አወጣ። በዚህ ብስክሌት ኃይሉ ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በካቴና ስለነበር ጎማዎቹን በተቀራራቢ መጠን መሥራት ተቻለ። ከዚያ ወዲህ የጎማው መጠን ከእግር ርዝመት ጋር መያያዙ ቀረ፤ ብስክሌቱን ከሰውነት ጋር የማስማማት ሥራም ወደ ፍሬሙ ተዛወረ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ የመንገድ ብስክሌት ፍሬም ከብረት ቱቦዎች ይሠራ የነበረ ሲሆን የላይኛው ቱቦ ከመሬት ጋር ትይዩ ነበር። ይህ ቅርጽ ባለበት ፍሬም የኮርቻ ቱቦው ርዝመት ከታወቀ የፊቱ ቁመትም በግምት ይታወቃል። አንድ ቁጥር ብቻ መጻፉ በቂ ሆኖ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ በጣሊያን የነበሩ ፍሬም ሠሪዎች ፍሬሞችን በአንድ በአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት ያዘጋጁ ነበር፤ ለእሽቅድድም ብስክሌተኞችም በልካቸው ይሠሩ ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የታይዋኑ ጃያንት ኩባንያ በእንግሊዛዊው ንድፍ አውጪ ማይክ በሮውዝ የተነደፈውን ቲሲአር የተባለ ብስክሌት ለገበያ አቀረበ። የዚህ ፍሬም የላይኛው ቱቦ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ የኮርቻ ቱቦው አጭር ሆኖ የኮርቻው ምሰሶ ረጅም ነው። ምሰሶው ከፍና ዝቅ ስለሚል ጥቂት መጠኖች ለብዙ ሰው ይበቃሉ፤ በሴንቲሜትር ቁጥር ፋንታ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ የሚለው አጠራርም በዚህ መንገድ ተስፋፋ። ይህ ቅርጽ ከተለመደ በኋላ የኮርቻ ቱቦ ርዝመት ስለ ፍሬሙ ብዙ የማይናገር ቁጥር ሆነ።

የቁጥሩ አለካክ

በሴንቲሜትር የሚጻፈው መጠን በዋናነት በሦስት መንገዶች ይለካል፦

1. ከመካከል እስከ መካከል፦ ከፔዳል ማዕከል መካከል እስከ የላይኛው ቱቦና የኮርቻ ቱቦ መጋጠሚያ መካከል።
2. ከመካከል እስከ ጫፍ፦ ከፔዳል ማዕከል መካከል እስከ የኮርቻ ቱቦው የላይ ጫፍ። በቀድሞዎቹ የብረት ፍሬሞች ይህ ልኬት ከመጀመሪያው በ1.5 ሴንቲሜትር ያህል ይበልጣል።
3. በግምታዊ አግድም፦ የላይኛው ቱቦ በሚያዘቀዝቅበት ፍሬም፣ ቱቦው ከመሬት ጋር ትይዩ ቢሆን ኖሮ የኮርቻ ቱቦው ስንት ሴንቲሜትር ይሆን ነበር ተብሎ የሚሰላ ነው። በዚህ አሠራር «56» የተባለ ፍሬም የኮርቻ ቱቦው በሜትር ሲለካ 50 ሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል።

በኢንች የተጻፈ መጠን ወደ ሴንቲሜትር ለመለወጥ በ2.54 ይባዛል። 21 ኢንች 53.3፣ 22 ኢንች 55.9፣ 23 ኢንች ደግሞ 58.4 ሴንቲሜትር ነው። የተራራ ብስክሌት የኢንች መጠን ግን ለመንገድ ብስክሌት አያገለግልም፤ የሁለቱ የፍሬም ቅርጽ የተለያየ ነው።

የፍሬም መጠንና የጎማ መጠን እንዳይምታቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ገበያዎች ብስክሌት የሚጠራው በጎማው ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ የዛሬ የአዋቂ የመንገድ ብስክሌቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ዓይነት ጎማ ይጠቀማሉ፤ ይህም 700 የሚባለው ሲሆን ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ስፋት 622 ሚሊሜትር ነው። 48 መጠን ያለው ትንሽ ፍሬምና 60 መጠን ያለው ትልቅ ፍሬም ጎማቸው እኩል ሊሆን ስለሚችል የጎማው ቁጥር ብስክሌቱ ለማን እንደሚስማማ አይናገርም።

የሰውነት ልኬት

የቁመት ግምት

ፋብሪካዎች በአብዛኛው ቁመትን ከፍሬም መጠን ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ለመንገድ ብስክሌት የተለመደው ግምት እንደሚከተለው ነው፦

• 155–160 ሴንቲሜትር፦ 47–49
• 160–165 ሴንቲሜትር፦ 49–51
• 165–170 ሴንቲሜትር፦ 51–53
• 170–175 ሴንቲሜትር፦ 53–55
• 175–180 ሴንቲሜትር፦ 55–57
• 180–185 ሴንቲሜትር፦ 57–58

ይህ ግምት ፍለጋውን ለማጥበብ ይረዳል፤ ውሳኔ ለመስጠት ግን አይበቃም። ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ እግረ ረጅምና ደረቱ አጭር፣ ሌላው እግረ አጭርና ደረቱ ረጅም ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከፍ ያለና ወደ ፊት ብዙም ያልረዘመ ፍሬም ሲስማማው ሁለተኛው ዝቅ ያለና የረዘመ ይስማማዋል።

የውስጥ እግር ርዝመት

የውስጥ እግር ርዝመት ከብሽሽት እስከ ወለል ያለው ልክ ነው። የሱሪ ቁጥር በዚህ ቦታ አያገለግልም፤ የሱሪ እግር እስከ ወለል አይደርስም። ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው፦ ሰውየው ጫማውን አውልቆ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ እግሮቹን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር አራርቆ ይቆማል። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ በእግሮቹ መካከል ይገባና በኮርቻ ላይ የመቀመጥን ያህል ወደ ላይ ይጫናል። የመጽሐፉ ሌላው ጠርዝ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀጥ ማለት አለበት። ሌላ ሰው የመጽሐፉን የላይ ጠርዝ በግድግዳው ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከወለል እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት ይለካል። ሦስት ጊዜ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ስሕተትን ይቀንሳል።

የላይኛው ቱቦ አግድም በሆነበት የብረት ፍሬም፣ ከመካከል እስከ መካከል የሚለካው መጠን የውስጥ እግር ርዝመትን ከ0.65 እስከ 0.67 በሆነ ቁጥር በማባዛት ይገመታል። የውስጥ እግሩ 82 ሴንቲሜትር የሆነ ሰው በዚህ ስሌት ከ53 እስከ 55 ያለ ፍሬም ይፈልጋል። የላይኛው ቱቦ በሚያዘቀዝቅበት ፍሬም ላይ ግን ውጤቱን በቀጥታ ከኮርቻ ቱቦው ጋር ማነጻጸር አይቻልም።

የደረትና የክንድ ርዝመት

ኮርቻው ላይ የተቀመጠ ሰው መሪውን የሚደርስበት ርቀት የሚወሰነው በደረቱና በክንዱ ርዝመት ነው። ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ሲለካ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ትንሽ ረዘም ያለ ፍሬም ሊመቸው ይችላል፤ ከቁመቱ የሚያንስበት ሰው ደግሞ አጠር ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። የመተጣጠፍ አቅምም ይታሰባል። ጉልበቱን ሳያጥፍ ጎንበስ ብሎ ወለል መንካት የሚያቅተው ሰው በጣም ዝቅ ባለ መሪ ላይ ለረጅም ሰዓት መንዳት ይቸግረዋል።

የኮርቻ ከፍታ

የፍሬም መጠን ከመታወቁ በፊት ኮርቻው ከፔዳል ማዕከል በላይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። ለዚህ የሚታወቁ ሁለት ስሌቶች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ሃምሊና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ፔዳሉ ታች ሲሆን ከፔዳሉ ዘንግ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት የውስጥ እግር ርዝመት 109 በመቶ ሲሆን ብስክሌተኛው የተሻለ ኃይል እንደሚያወጣ አመለከቱ። በ1980ዎቹ ደግሞ ቱር ደ ፍራንስን ሦስት ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ከፈረንሳዊው አሠልጣኙ ሲሪል ጊማር የተማረውን ስሌት በመጽሐፉ አስተዋወቀ። በዚህኛው ከፔዳል ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት የውስጥ እግር ርዝመት በ0.883 ተባዝቶ ይገኛል።

ሁለቱ ስሌቶች የተለያዩ ቢመስሉም ውጤታቸው ይቀራረባል። የውስጥ እግሩ 82 ሴንቲሜትር ለሆነ ሰው በመጀመሪያው ስሌት ከፔዳሉ ዘንግ እስከ ኮርቻው 89.4 ሴንቲሜትር ይሆናል። የፔዳሉ ክንድ 17 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሲቀነስ 72.4 ይቀራል። በሁለተኛውም 82 በ0.883 ሲባዛ 72.4 ነው።

ያለ ስሌት ለመፈተሽ የሚያገለግል ዘዴም አለ። ነጂው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን በፔዳሉ ላይ ያደርጋል፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ሳይንጠራራ ቀጥ ካለ ከፍታው ተቀራራቢ ነው። በተለመደው አነዳድ የእግሩ ፊተኛ ክፍል ፔዳሉ ላይ ስለሚያርፍ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፋል። ይህ እጥፋት ፔዳሉ ታች ሲሆን ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ቢሆን ይመከራል።

ስታክ እና ሪች

የኮርቻ ቱቦ ርዝመት ለንጽጽር የማያገለግል ከሆነ በኋላ ስታክ እና ሪች የተባሉት ሁለት ልኬቶች ቦታውን ያዙ። ልኬቶቹን ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ የኪንታና ሩ ብስክሌት ኩባንያ መሥራች የሆነው አሜሪካዊው ዳን ኤምፊልድ ነው። አሁን አብዛኞቹ ፋብሪካዎች በልኬት ሰንጠረዣቸው ያካትቷቸዋል።

• ስታክ ከፔዳል ማዕከል መካከል እስከ የፊት ቱቦው አናት ያለው ቀጥ ያለ ቁመት ነው። መሪው ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችል ያሳያል።
• ሪች በእነዚሁ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው አግድም ርቀት ነው። ነጂው ከፔዳሉ ላይ ቆሞ ሲነዳ መሪው ከፊቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያል።

የእነዚህ ልኬቶች ጥቅም በኮርቻ ቱቦው ርዝመትም ሆነ ዘንበል ማለት አለመለወጣቸው ነው። የላይኛው ቱቦ አግድም ርዝመት ግን ይለወጣል። የኮርቻ ቱቦው በ1 ዲግሪ ቀጥ ቢል በላይኛው ቱቦ ከፍታ ላይ 1 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ የላይኛው ቱቦ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ፍሬሞች ሪቻቸው ሊለያይ ይችላል።

ምሳሌ

ሁለቱም «54» የተባሉ ሁለት ፍሬሞችን እንውሰድ። ፍሬም «ሀ» ለእሽቅድድም የተሠራ ሲሆን ስታኩ 535፣ ሪቹ 390 ሚሊሜትር ነው። ፍሬም «ለ» ለረጅም ጉዞ የተሠራ ሲሆን ስታኩ 570፣ ሪቹ 375 ሚሊሜትር ነው። በመጀመሪያ እይታ «ሀ» በ15 ሚሊሜትር የሚረዝም ይመስላል።

ይሁን እንጂ የፊት ቱቦው ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ ከአግድም ጋር ያለው ማዕዘን አብዛኛውን ጊዜ 73 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከመሪው አንገት ሥር ቀለበት እየተጨመረ መሪው ከፍ ሲል በዚያው ልክ ወደ ነጂው ይጠጋል። የ«ሀ» ፊት እንደ «ለ» 570 እንዲሆን 35 ሚሊሜትር ከፍ ቢደረግ ሪቹ በ11 ሚሊሜትር ያህል ቀንሶ 379 ይሆናል። በእኩል ከፍታ ሲነጻጸሩ የሁለቱ ልዩነት 4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እውነተኛው ልዩነታቸው ርዝመት ሳይሆን ቁመት ነው፤ «ሀ»ን የሚመርጥ ሰው ዝቅ ብሎ መንዳት የሚችል ወይም ቀለበት የሚደረድር መሆን አለበት። የሁለት ፍሬሞችን ሪች ለማነጻጸር በመጀመሪያ ስታካቸውን ማስተካከል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፋብሪካዎች ከአንገቱ ሥር ለሚገቡት ቀለበቶች ከፍታ ገደብ ስለሚያደርጉ፣ በተለይ የሹካው አንገት የካርቦን ፋይበር ከሆነ፣ ይህን ገደብ ማለፍ አደጋ አለው።

የሚስተካከሉና የማይስተካከሉ ነገሮች

ፍሬሙ በጥቂቱ ብቻ ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ እንደሆነ ሌሎች ክፍሎችን በመቀየር ማካካስ ይቻላል።

• የኮርቻ ከፍታ፦ በምሰሶው በቀላሉ ይስተካከላል። ምሰሶው ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት በላይ ግን መውጣት የለበትም፤ በውስጥ የሚቀረው ክፍል ካጠረ ምሰሶው ወይም ፍሬሙ ሊሰበር ይችላል።
• የኮርቻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ፦ በጥቂት ሴንቲሜትር ይስተካከላል። ይህ ማስተካከያ እግሩ ከፔዳሉ ጋር ያለውን አቀማመጥ ስለሚለውጥ መሪውን ለማቅረብ ወይም ለማራቅ መጠቀሚያ ሊሆን አይገባም። የቆየው ደንብ፣ የፔዳሎቹ ክንዶች አግድም ሲሆኑ ከፊተኛው ጉልበት ሥር የሚወርድ ቱንቢ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ማረፍ አለበት የሚል ነው። ብስክሌት ሠሪው ኪት ቦንትሬገር ይህ ደንብ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ሲል ተከራክሯል፤ ዛሬም እንደ መነሻ ብቻ ይወሰዳል።
• የመሪ አንገት፦ በመንገድ ብስክሌት ላይ በአብዛኛው ከ80 እስከ 130 ሚሊሜትር ይገኛል። 6 ዲግሪ ወደ ታች የሚያዘነብል የ100 ሚሊሜትር አንገት ተገልብጦ ቢታሰር መሪውን በ20 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል።
• የመሪው ስፋትና የፔዳሉ ክንድ ርዝመት፦ ሁለቱም በተለያየ መጠን ይሸጣሉ። የፔዳል ክንድ በብዛት የሚገኘው በ165፣ 170፣ 172.5 እና 175 ሚሊሜትር ነው።

የፍሬሙ ስታክ፣ ሪችና የጎማዎቹ ርቀት ግን አይለወጡም። አንገቱ እጅግ ሲያጥር ወይም እጅግ ሲረዝም የመሪው አያያዝ ባሕርይም ይለወጣል። በአንገት ለውጥ 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር ማካካስ የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ችግሩ ያለው በፍሬሙ መጠን ላይ ነው።

የማይስማማ ፍሬም ምልክቶች

ፍሬሙ ትልቅ ሲሆን ነጂው ብስክሌቱን በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሲቆም የላይኛው ቱቦ ብሽሽቱን ይነካል። አግድም ቱቦ ባለው የመንገድ ብስክሌት ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ቢኖር ይመከራል። ሲነዳም ክንዱ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፤ ከጊዜ በኋላ በአንገት፣ በትከሻ፣ በታችኛው ወገብና በመዳፍ ላይ ሕመም ወይም መደንዘዝ ይሰማል።

ፍሬሙ ትንሽ ሲሆን የኮርቻው ምሰሶ ከልክ በላይ ይወጣል፤ መሪውም ከኮርቻው በጣም ዝቅ ይላል። ጀርባ ይጎብጣል፣ ጉልበት ወደ ክርን ይጠጋል።

የጉልበት ሕመም ሁልጊዜ ከፍሬሙ አይመጣም። ኮርቻው ሲያንስ የጉልበት ፊት፣ ሲበዛ ደግሞ የጉልበት ጀርባ መታመም የተለመደ ነው። ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ካለ ዳሌ በየዙሩ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ስለዚህ ፍሬሙን ከመውቀስ በፊት የኮርቻው ከፍታ ይፈተሻል።

አጭር ቁመት ያላቸው ሰዎች ሌላ ችግርም ይገጥማቸዋል። ፍሬሙ ሲያንስ ጎማው ስለማያንስ የፊት ጎማው ወደ ፔዳሉ ይጠጋል፤ ቀስ ብሎ በሚታጠፍበት ጊዜ የጫማው ጫፍ ጎማውን ሊነካ ይችላል። አሜሪካዊቷ ጆርጂና ቴሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቋቋመችው ኩባንያ የፊት ጎማቸው 24 ኢንች የሆነ ብስክሌቶችን ለሴቶች ማቅረብ የጀመረችው ይህን ለመፍታት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች ለሴቶች የተለየ ፍሬም ሠሩ። ይሁን እንጂ በአንድ ጾታ ውስጥ ያለው የሰውነት ልዩነት ሰፊ በመሆኑ አንዳንዶቹ የተለየውን ፍሬም ትተው ለሁሉም አንድ ዓይነት ፍሬም በብዙ መጠን ወደ ማቅረብ ተመልሰዋል።

በሁለት መጠኖች መካከል

የአንዳንድ ሰው ልክ በሁለት መጠኖች መካከል ይወድቃል። ትንሹ ፍሬም ቀለል ይላል፣ ዝቅ ብሎ ለመንዳትም ይመቻል፤ ረዘም ባለ አንገትና በቀለበት ሊስተካከል ይችላል። ትልቁ ፍሬም ፊቱ ከፍ ስለሚል ቀና ብሎ ለሚነዳና ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ሪቹ ከበዛ ማሳጠር የሚቻለው በጥቂቱ ነው። በአጠቃላይ እግረ ረጅምና ደረተ አጭር የሆነ ሰው ከፍ ያለ ስታክና አጭር ሪች ያለውን፣ ደረተ ረጅም የሆነ ሰው ደግሞ ረዘም ያለ ሪች ያለውን ይመርጣል። «እያደገ ይገባበታል» ተብሎ ለልጅ የሚገዛ ከልክ በላይ ትልቅ ብስክሌት ለደኅንነት አይመከርም፤ እግሩ መሬት የማይደርስ፣ እጁም የፍሬኑን መያዣ በወጉ የማይጨብጥ ልጅ ብስክሌቱን ማቆም ይሳነዋል።

በኢትዮጵያ

ብስክሌት በኢትዮጵያና በኤርትራ ከጣሊያኖች ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው፤ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ጎማና ፍሬን የሚሉት ስሞች ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. የ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከአትሌቲክስ በተጨማሪ በብስክሌት ተወዳድራለች፤ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። የመቀሌው ተወላጅ ፅጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የቡድን ብስክሌተኛ ልኩ ተወስዶ ብስክሌት ይሰጠዋል። በግሉ የሚገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ብስክሌት ነው፤ የመጠኑ ምልክት ተፍቆ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ከገዙም በኋላ መመለስ ያስቸግራል። በዚህ ሁኔታ ፍሬሙን በቦታው መለካት ይቻላል።

ያገለገለ ፍሬም መለካት

ለዚህ ሥራ ሜትር፣ ቱንቢና ውሃ ልክ ይበቃሉ። የሁለቱም ጎማዎች መጠን እኩል መሆኑና በቂ ነፋስ መያዛቸው ከተረጋገጠ በኋላ ብስክሌቱ ደልዳላ መሆኑ በውሃ ልክ በታየ ወለል ላይ ይቆማል፤ የፊት ጎማው ግድግዳውን ይነካል። አንድ ሰው ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ከዚያ አራት ልኬቶች ይወሰዳሉ፦

1. ከወለል እስከ የፔዳል ማዕከል መካከል ያለው ቁመት።
2. ከወለል እስከ የፊት ቱቦው አናት መካከል ያለው ቁመት።
3. ከግድግዳው እስከ የፔዳል ማዕከል መካከል ያለው አግድም ርቀት።
4. ከግድግዳው እስከ የፊት ቱቦው አናት መካከል ያለው አግድም ርቀት። ይህን ነጥብ ወደ ወለል ለማውረድ ቱንቢው ያገለግላል።

ከሁለተኛው ላይ አንደኛው ሲቀነስ ስታክ፣ ከሦስተኛው ላይ አራተኛው ሲቀነስ ሪች ይገኛል። ለምሳሌ ልኬቶቹ በቅደም ተከተል 27፣ 82፣ 92.5 እና 54.5 ሴንቲሜትር ቢሆኑ ስታኩ 55፣ ሪቹ 38 ሴንቲሜትር ነው። ገዢው የሚመቸው ብስክሌት ካለው ወይም የወዳጁን ብስክሌት ነድቶ ከተመቸው፣ ያንን በተመሳሳይ መንገድ ለክቶ ውጤቱን ማነጻጸር ከማንኛውም ሰንጠረዥ የተሻለ መረጃ ይሰጠዋል።

ከዚህ በተጨማሪ የኮርቻው ምሰሶ በፍሬሙ ውስጥ አለመጣበቁ በማንቀሳቀስ ይፈተሻል። የተጣበቀ ምሰሶ ያለው ፍሬም ልኩ ትክክል ቢሆንም እንኳ የኮርቻው ከፍታ ሊስተካከል ስለማይችል ለተገዛለት ሰው ላይስማማ ይችላል።